ቅኔ ዘራፊና ጽሑፍ ዘራፊ፤ ስለ ቃል ግጥም ባለቤትነትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንዳንድ አስተያየቶች

አማርኛ «ዘረፈ» የሚለውን ግስ በሁለት ፍች ይጠቀምበታል። አንደኛው የሽፍታ ነው፤ የሰውን ንብረት በጉልበት መውሰድ። ሁለተኛው የቅኔ ቤት ነው፤ «እገሌ ቅኔ ዘረፈ» ሲባል አእምሮው ያፈለቀውን፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያላለውን በማኅበር ፊት አሰማ ማለት ነው። አንድ ቃል የሌላውን መውሰድንና የራስን ማፍለቅን ባንድ ላይ እንዴት ሊሸከም እንደቻለ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ይመርምሩት። እኔን ወደዚህ ጽሑፍ የመራኝ ሁለቱ ፍቾች በዘመናችን በአንድ መሣሪያ ውስጥ ተገናኝተው ማየቴ ነው። መሣሪያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል፤ እዚህ የምመለከተውም ጽሑፍ አመንጪ የሆነውን ዓይነት ነው። ይህ መሣሪያ አዲስ የሚመስል ግጥም፣ አዲስ የሚመስል የምርምር ጽሑፍ ይዘርፋል፤ ለዚህ የበቃው ግን የሚቆጠር የማይመስል የሰው ጽሑፍ አስቀድሞ ዘርፎ ነው።

የቅኔ ቤቱ ዘረፋ ሥርዓት አለው። ተማሪው ያሰበውን ቅኔ ይዞ ለነገራ ወደ መምህሩ ሲቀርብ መምህሩ ያደምጣል፣ ያርማል፣ ያቀናል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ይታወቅበታል፤ መምህሩ ብዙ ሰምቷልና። አንድ ጊዜ በማኅሌት የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልም። የታላላቆቹ ሲጠቀስ ደግሞ የማን እንደሆነ አብሮ ይነገራል። ይህ ሁሉ አዋጅ ሳይታወጅ፣ ዳኛ ሳይሰየም ሲሠራበት የኖረ የባለቤትነት ደንብ ነው። የብራናው ልማድ የተለየ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ገልባጩ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም አስፍሮ የደራሲውን ስም ሳይነግረን የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ነገር በስሙ ይጠራ ነበር» ብዬ ያለፈውን ለማሳመር አልነሣም። ማሳየት የምሻው በአገራችን የቃል ጥበብ ውስጥ ስም ከሥራ ጋር የሚያያዝበት መንገድ መኖሩንና ይህ መንገድ ዛሬ በሁለት በኩል እየተሸረሸረ መሆኑን ነው። በአንድ በኩል ማሽኑ አለ። በሌላ በኩል እኛ፣ የሥነ ቃል ሰብሳቢዎችና አሳታሚዎች፣ አለን።

ለማስረጃነት የምጠቀምበት አካባቢ የስሜን ግርጌ ነው፤ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በራስ ደጀን ሥር እስከ ተቀመጠችው አምቢኮ ድረስ። አካባቢውን የመረጥኩት ስለማውቀው ብቻ አይደለም። ከዚህ አገር የወጣ ጽሑፍ፣ የሕክምናም ይሁን የእንስሳት ጥናት ወይም የቃል ግጥም፣ በዓለም የምሁራን ኅትመት ውስጥ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር በርከት ያለ ነው። የጽሑፉ መብዛት ለባለ አገሩ ምን እንዳስገኘለት መጠየቅም ተገቢ ነው።

ከጉዳዩ ጋር ያፋጠጠኝ አንድ የግምገማ ሥራ ነበር። አንድ መጽሔት (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) ከደባርቅና ከዳባት አካባቢ ተሰበሰቡ የተባሉ ሙሾዎችንና ፉከራዎችን የሚተነትን ጽሑፍ ላከልኝ። ትንታኔው ንጹሕ ነበር፤ ፊደል አይሳሳትም፣ አንቀጾቹ እኩል እኩል ናቸው፣ የንድፈ ሐሳብ ክፍሉ ማንንም አያስቀይምም። ግጥሞቹ ግን ባለቤት አልነበራቸውም። ማን እንዳዜማቸው፣ መቼና የት እንደተቀዱ፣ በምን አጋጣሚ እንደተከወኑ የሚናገር አንድ መስመር አልተገኘም። «ከአካባቢው ኅብረተሰብ የተሰበሰበ» የሚል ሐረግ ብቻ ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ተደግሟል። ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ግጥሞቹ ከሰው አፍ የወጡ አይመስለኝም ብዬ ለአዘጋጁ ጻፍኩ፤ የድምፅ ቅጂው እንዲቀርብም ጠየቅሁ።

ገምጋሚ የሚስጥር ግዴታ ስላለበት ከጽሑፉ አልጠቅስም። ይልቁንም በእጄ ባለው ስልክ ከጽሑፍ አመንጪ መሣሪያዎች አንዱን «ከደባርቅ አካባቢ አንድ ፉከራ ንገረኝ» ብዬ ጠየቅሁት። ከሰጠኝ ረጅም ግጥም መካከል ሁለቱ ስንኞች እነዚህ ናቸው፤

የስሜን ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል፤
ጀግና ልጅ በአገሩ በኩራት ይኖራል።

አንባቢ አስቀድሞ ምጣኔውን ይቁጠርልኝ። ስድስት በስድስት ነው፤ የወል ቤት ተጠብቋል። ቤቱም ይመታል፤ በእርግጥ ቤት የመታው የግሱ መድረሻ ባመጣው «ል» ስለሆነ ገጣሚ የደከመበት አይደለም፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ እንዲህ ያለውን ቤት ለማንም በነጻ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ግን የሚቆጠር ነገር አይገኝም። ፉካሪ የሚናገረው በ«እኔ» ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደዋለ፣ ማንን እንደሚገዳደር እየጠራ ደረቱን ይሰጣል። እዚህ «እኔ» የለም። «ጀግና ልጅ» የሚባል፣ ማንም የማያውቀው፣ ወደ ጦርነት የማይሄድ፣ ከማንም ጋር ያልተጣላ ሰው በአገሩ ይኖራል ተባለ፤ ይህ የቆጠራ መዝገብ እንጂ ፉከራ ሊሆን አይችልም። «የስሜን ተራራ» የሚለውም የአገር ጎብኚ አጠራር ነው። የአገሩ ሰው ተራራውን በጅምላ አይጠራውም፤ ሊማሊሞ ይላል፣ በየዳ ይላል፣ ጃን አሞራ ይላል፤ ገደሉን በገደልነቱ፣ ወንዙን በስሙ ይለየዋል። ኅብረ ቃል ፍለጋ ብንገባም ሰም ብቻ እናገኛለን። ወርቁን የሚደብቅ ሰው ሳይኖር ወርቅ ከየት ይመጣል?

የእነዚህ ስንኞች ድክመት ከአላዋቂነት የመጣ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ማሽኑ ምጣኔውን ያወቀው ከብዙ ሺህ የአማርኛ ስንኞች ነው። አሠራሩን በአጭሩ ለመግለጽ፣ የተሰጠውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ጥቃቅን ቁራጮች ይከትፈዋል፤ ከአንድ ቁራጭ በኋላ የትኛው ቁራጭ ሊመጣ እንደሚችል በቁጥር ያጠናዋል፤ ሲጠየቅም ይበልጥ ሊመጣ የሚችለውን እያስከተለ ይጽፋል። የሚይዘው ዝምድናን ነው፤ ምንጭን አይዝም። ከአንድ አልቃሽ ሙሾ የተማረውና ከአንድ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት የተማረው በሆዱ ውስጥ ተቀላቅለዋል። ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ጽሑፍ ሲሆን ቃል በቃል ሊያወጣው ይችላል፤ ያኔም ከማን እንዳገኘው አያስታውስም። ብዙ ሊመጣ የሚችለውን መምረጥ ደግሞ የግጥም ተቃራኒ ነው፤ ገጣሚ የሚደነቀው ማንም ባልጠበቀው ቃል ነውና።

ሙሾ ላይ ነገሩ ይከፋል። ሙሾ ያለ ሟች የለም። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፤ እናቱን፣ ያልታረሰውን ማሳ፣ ባዶውን መደብ፣ የቀረውን ፈረስ ወይም በቅሎ ትጠራለች፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰውም እነዚያን ነገሮች ስለሚያውቃቸው ነው። ሥነ ቃል ለአጥኚ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጦርነቱ ወደ ስሜን ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያ አካባቢ ከዚያ ወዲህ የተወረደ ሙሾ የጽሑፍ ጌጥ ሳይሆን ምስክርነት ነው። «ከዳባት የተሰበሰበ» ተብሎ የታተመ፣ ሟች የሌለው ሙሾ ከእውነተኛው ምስክርነት ጎን ሲሰለፍ ነገ የሚመጣ ተመራማሪ ሁለቱን የሚለይበት ምን ይቀረዋል? ሐሰተኛው በመጽሔት ከታተመ ቀጣዩ ማሽን እርሱን አንብቦ ይማራል፤ ከዚያ ሌላ ተማሪ ከማሽኑ ይጠቅሳል። የስሜን ሕዝብ ብሎት የማያውቀው ግጥም የስሜን ሕዝብ ሥነ ቃል ሆኖ ይጸናል።

እንግዲህ ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ከባለቤቱ ስም ሳይጠሩ መውሰድና ለባለቤቱ ያላለውን ማሸከም። የመጀመሪያው ግን በማሽኑ አልተጀመረም።

ማሽኑን «ይህ ግጥም የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት «የሕዝብ ነው» የሚል መልስ ቢሰጥ አይገርምም፤ ቃሉን ከእኛ ተምሮታል። የአማርኛ ጥናት ታሪክ ራሱ ሲጀመር የባለቤትነት ጥያቄን ይዞ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረታቸው አባ ጎርጎርዮስ ነው፤ ሁለቱ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮማ ተገናኙ፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደ። ሉዶልፍ መምህሩን አልካደም፤ በመጻሕፍቱ በስሙ ይጠራዋል፣ ያመሰግነዋል። የመጽሐፉ ደራሲ ግን ሉዶልፍ ነው። ወደ እኛ አካባቢ ስንቀርብ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር ጅቡቲ በተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ውስጥ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ወራት ተቀምጦ የዛር ቤት ክዋኔን አጥንቷል። የባለ ዛሯን የመልካም አየሁን ቃልና ዜማ በአማርኛ ይመዘግቡ የነበሩት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ በ1934 እና በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው መጻሕፍት ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባሉ፤ አባ ጀሮምን የሚያውቅ ከልዩ አጥኚ በቀር ጥቂት ነው። መልካም አየሁን «መረጃ አቀባይ» እንላታለን። ቃሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚያሳንስ ይታይ! የዘረፈችው እርሷ፣ «ያቀበለችው» ግን መረጃ ብቻ ነው።

የራሳችን ምሁራን የተሻለ ሠርተዋል። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተሙት፣ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ የገጠሟቸውን ግጥሞች በሚያቀርበው መጽሐፍ፣ ጌቴ ገላዬም የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ባሉት ግጥም ላይ በሠሩት ጥናት፣ ገጣሚው ገበሬ አሳቢ ሆኖ ይታያል፤ ስለ መንግሥትና ስለ አምላክ የራሱን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ የሚጻፈው የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ብዙ ሲሆን፣ ግጥሙ በአባሪ ይታጨቃል፤ የተናጋሪዎች ስም ከመጨረሻው ገጽ በሠንጠረዥ ይደረደራል፤ የትኛው ግጥም የየትኛው ሰው እንደሆነ ሳይገለጽ የሚቀርበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ክፍል ነበረው፤ ዛሬ የሚሠራበት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ደራሲንም ሠዓሊንም በአንድ ስም «የሥራ አመንጪ» ይላቸዋል። ዛሬ ማሽኑንም «አመንጪ» እያልን መጥራታችን የአጋጣሚ ምፀት ነው፤ በሕጉ አነጋገር አመንጪ የሚሆነው በአእምሮው የፈጠረ ሰው ብቻ ነውና። የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2025 እ.ኤ.አ. ማሽን የቅጅ መብት ባለቤት የሆነ ደራሲ ሊባል እንደማይችል ወስኗል። የምሁራን መጽሔቶች የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሽን በደራሲነት እንዳይመዘገብ አሳስበዋል፤ ምክንያታቸው ማሽን ለጻፈው ሊጠየቅ አይችልም የሚል ነው። እስከዚህ መልካም።

ለአልቃሿና ለአዝማሪው ስንመጣ ግን ሕጉ ይጠባል። አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በቅጂ ወይም በሌላ ግዙፍ ነገር ላይ ሲቀረጽ ነው። በአምቢኮ አንድ እረኛ ዛሬ ማታ የዘረፈው ግጥም አየር ላይ እስካለ ድረስ በዚህ በር አይገባም። የሚቀርጸው ማን ነው? ስልክ ወይም መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሄደው ተማሪ። ሕጉ ትርጉምንና የሥራዎች ስብስብን እንደ ራሱ ሥራ ስለሚጠብቅ፣ አሰባሰቡና አደራደሩ ወጥ ከሆነ ሰብሳቢው መብት አለው፤ ለክዋኔው ባለቤት ደግሞ የከዋኝ መብት የሚባል ተዛማጅ መብት ተቀምጧል፤ ይህ መብት ግን በመስክ ጥናት ላይ ሲሠራበት ያየሁት የለም። የእረኛውን ፈቃድ ጠይቀው ያስፈረሙ ተማሪዎች አውቃለሁ፤ የፈረመው ወረቀት ስለ ድምፁ ለምርምር መዋል ይናገራል፣ ስለ ከዋኝ መብት ዝም ይላል። ሕጉ ለጥቅስ ያስቀመጠው ግዴታ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ሥነ ጽሑፋዊ ነው፤ ጠቃሽ ከሌላው ሥራ በመጠኑ መውሰድ ይችላል፣ ምንጩንና የአመንጪውን ስም ግን መጥራት አለበት። ይህ የቅኔ ቤቱ ደንብ በሌላ ቋንቋ ነው።

በውጭው ዓለም የምሁራን ኅትመት ምን እየሆነ እንዳለ ጥቂት ልበል። ተማሪዎቻችን እንደሚያውቁት፣ በታላላቅ የውጭ መጽሔቶች ጽሑፍ ሲታተም ደራሲው በአብዛኛው የቅጅ መብቱን ወይም የማሳተም ፈቃዱን ለአሳታሚው ይፈርማል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ባለቤት የሆነው ኢንፎርማ፣ ማይክሮሶፍት ጽሑፎቹን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲጠቀምባቸው ውል መግባቱን አስታወቀ፤ የመጀመሪያው ክፍያ 10 ሚልዮን ዶላር ነበር። ብዙ ደራሲያን ወሬውን የሰሙት ከጋዜጣ ነው። ከእነርሱ መካከል ስለ ኢትዮጵያ የጻፉ መኖራቸው አያጠራጥርም፤ በጽሑፎቻቸው ውስጥ ቃላቸው የተጠቀሰ ገበሬዎች ደግሞ የውሉ ወሬም አልደረሳቸው። ደራሲው መብቱን ፈርሞ ከሰጠ በኋላ «ሳልጠየቅ ተሸጥኩ» ማለቱ በሕግ ደካማ ነው፤ ገበሬው ግን የፈረመው ነገር የለም።

ሌላው አንትሮፒክ በተባለው ኩባንያ ላይ በአሜሪካ የቀረበው የደራሲያን ክስ ነው። ዳኛው በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በሰጡት ብይን ማሽንን በመጻሕፍት ማስተማር በዚያ አገር ሕግ ተገቢ አጠቃቀም ሊባል ይችላል፣ ከሕገ ወጥ የመጻሕፍት ማከማቻ አውርዶ ማጠራቀም ግን አይባልም አሉ። ኩባንያው በዚያው ዓመት መስከረም 1.5 ቢልዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለአንድ መጽሐፍ 3 ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው። ገንዘቡ ብዙ ነው። ነገር ግን የካሳው ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መጽሐፉ በአሜሪካ የቅጅ መብት መሥሪያ ቤት በወቅቱ የተመዘገበ መሆን ነበረበት። አዲስ አበባ የታተመ አንድ የአማርኛ የግጥም መድበል በዚያ መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? መሣሪያው አማርኛን ሲማር ድንበር አላገደውም፤ ካሳው ሲመጣ ግን ድንበሩ ቆሞ ተገኘ።

ዳባት ለምሁራን ኅትመት ከቃል ግጥም በፊት በሌላ ነገር ታዋቂ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ በዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ፤ ከዚህ መዝገብ የተነሡ የጤና ጥናቶች በውጭ መጽሔቶች ታትመዋል፤ ብዙዎቹም ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው። ክፍት መጽሔቶች በብዛት የሚጠቀሙበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ጽሑፉን መገልበጥንም፣ መቀየርንም፣ መነገድበትንም ይፈቅዳል፤ በምላሹ የሚጠይቀው የደራሲውን ስም መጥራት ነው። የነገሩ አስቂኝ ጎን (የሚያስቅ ከሆነ) ይህ ነው፤ በጣም ለጋሽ የሆነው ፈቃድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ማሽኑ ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ማስተማር ራሱ ስም የመጥራት ግዴታ ያስከትላል ወይስ አያስከትልም የሚለው በሕግ ሰዎች ዘንድ ገና አከራካሪ ነው።

አንድ ዋልያ ደግሞ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ዋልያ ብለው የሰየሙትን የአማርኛ የቋንቋ ሞዴል አቀረቡ። ሞዴሉ የተገነባው የሜታ ኩባንያ በሠራው ላማ በተባለው ሞዴል ላይ ነው፤ የስሜኑ ዋልያ በደቡብ አሜሪካው ላማ ጀርባ ላይ ተፈናጠጠ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ካሠለጠኑበት ሥራ መካከል ተረት መጻፍና ግጥም ማፍለቅ ይገኝበታል፤ የተጠቀሙበትን መረጃም ለሌሎች ክፍት አድርገዋል። እኔ ሥራውን አደንቃለሁ። ከምን እንደተማረ የሚናገር ማሽን ከምን እንደተማረ ከማይናገር ይሻላል። ስያሜው ግን አንድ ነገር ያስታውሰኛል። ዋልያ በሕግ የሚጠበቅ እንስሳ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ላይ ያለ ብሔራዊ ፓርክ አለው፣ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ዓለም ጮኾለታል። በዚያው ተራራ ገብስ የሚያርሰውና ከብት የሚጠብቀው ሰው ለሚለው ግጥም እንዲህ ያለ ዝርዝር አልተከፈተለትም።

ከዚህ ሐሳቤ ጋር የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። «አማርኛ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ደኻ ነው፤ ያለው ጽሑፍ ዜናና ትርጉም ነው። የሥነ ቃል ስብስባችንን ብንዘጋበት ማሽኑ መጥፎ አማርኛ ይማራል፤ ልጆቻችን ያንን መጥፎ አማርኛ ይማራሉ» ይላሉ። አንዱ ባልደረባዬ ከዚህም አልፎ፣ የማሟያ ጽሑፎቹን አቧራ ሲበላቸው የኖሩትን ማሽኑ ብቻ አነበባቸው ብሎ ቀልዷል። ቀልዱ እውነት አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማሟያ ጽሑፎችን በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ ከክፍለ ሀገር ለሚጽፍ ተማሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ደባርቅ ተቀምጦ ስድስት ኪሎ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ቀድሞ የማይታሰብ ነበር። በሩን መዝጋት ይህን ተማሪ መቅጣት ነው። ማሽኑማ ሌላ በር አያጣም።

ስለዚህ እኔ የምከራከረው ለመዝጋት ሳይሆን ለስም ነው፤ በተለይም ለስሙ ቦታ። ማሽኑ ጽሑፍን ከትፎ እንደሚማር ከላይ ተናግሬያለሁ። በገጽ 94 ያለ ሙሾና በገጽ 131 ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የተጻፈ የአልቃሿ ስም ለሰው አንባቢ በተራ ቁጥር ሊገናኙ ይችላሉ፤ በክትፎው ውስጥ ግን የመገናኘት ዕድላቸው የመነመነ ነው። ስሙ፣ ቀበሌውና የክዋኔው ቀን ከግጥሙ የመጨረሻ ስንኝ ቀጥሎ፣ በዚያው መስመር ላይ ቢሰፍር ቢያንስ አብረው የመጓዝ ዕድል ያገኛሉ። የማሟያ ጽሑፍ መመሪያዎቻችን አባሪን በዚህ መልክ እንዲያዝዙ ማድረግ የዲፓርትመንት ስብሰባ እንጂ አዋጅ አይጠይቅም። መጽሔቶችም የድምፅ ቅጂ የሌለውን ቃል ግጥም «ተሰበሰበ» ብሎ ማተም ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ቅጂው በሁሉም ዘንድ መሰማት የለበትም፣ አዘጋጁ ከሰማው ይበቃል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ሁሉም አልቃሽ ስሟ እንዲጻፍ አትፈልግም። በጦርነት የሞተን ሰው ያለቀሰች ሴት ስለ ማን ምን እንዳለች በስሟ ታትሞ መገኘቱ ሊጎዳት ይችላል፤ ሙሾ ተሳዳቢ ነው፣ ባለሥልጣንም ጎረቤትም አይምርም። እስካሁን እንዲህ ያለውን ስም በምህጻረ ቃል እንጽፍ ነበር። ምህጻሩ ግን ለማሽኑ ምንም፣ ለነገ አንባቢም ጥቂት ነው። አንዳንድ ተማሪዎቼ ስሙ በታሸገ መዝገብ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ እንዲከፈት፣ በታተመው ላይ ደግሞ አልቃሿ ራሷ የመረጠችው ስም እንዲሰፍር ሐሳብ አቅርበዋል። አዝማሪም ፉካሪም የመድረክ ስም፣ የፈረስ ስም ያወጡ የለምን? ይላሉ። ከስንት ዓመት በኋላ ይከፈት የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ ሕጉ ለሥራ አመንጪ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል፣ ተማሪዎቹ ግን በዳባት መንገድ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረው የመጡት ቁጥር ከዚያ እጅግ ያንሳል።